የዳቦ ቤቱ አልጋ ወራሽ

ታላላቅ ሰዎች በየመቶ ዓመቱ አንዴ ይወለዳሉ ይባላል። ይህን ያሉት ሊቃውንት የቅዳሜ ከሰዓት ሥልጠና የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት ስላለፉ አይፈረድባቸውም። ዛሬ ነገሩ ቀሏል። ወጣቱ ምሳውን በልቶ አዳራሽ ይገባል፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ታላቅ ሆኖ ይወጣል፤ በመሐል ውሃና ብስኩት አለ።

ከእነዚህ ባለ ብስኩት ታላላቆች አንዱ በአንድ ዳቦ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነበረው፤ የሚጠራበት ግን ጠፋ። ሠራተኞቹ «አልጋ ወራሽ» ነው የሚሉት። ምክንያቱም ሁለት ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ የሌላቸው አጎቱ ናቸውና ነገ ከነገ ወዲያ ቤቱ የእሱ መሆኑ ይታወቃል። ደግሞም አጎትየው አዲስ አልጋ የገዙ ጊዜ አሮጌውን ወርሶ፣ ከዱቄት መጋዘኑ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ይተኛበታል። ልጁ የመጀመሪያውን ምክንያት ብቻ ነው የሰማው።

በሥልጠናው ቀን አሰልጣኙ መድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣ «በእያንዳንዳችሁ ውስጥ አንድ ንጉሥ ተኝቷል! ቀስቅሱት! የታላላቆቹን ፈለግ ተከተሉ!» ብሎ ጮኸ። የአልጋ ወራሽ እንባ መጣ። ጠዋት ጠዋት እያረፈደ ከአጎቱ ጋር ሲነታረክ የኖረው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ተገለጠለት። ለካስ የሚተኛው እሱ አልነበረም፤ ንጉሡ ነው።

አሰልጣኙ ታላላቅ መሪዎች መሬት ላይ ይተኙ እንደነበር ሲናገር አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

«መሬት ላይ የሚተኛ ሁሉ ታላቅ ይሆናል?»

አሰልጣኙ በሐዘኔታ አያት። «እንዲህ እያለ የሚጠይቅ ሰው አይሆንም» አላት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አልጋ ወራሽ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

አጎቱ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ወደ ሌላ ከተማ የሄዱት በዚያው ሰሞን ነው። ቁልፉን ሲያስረክቡት ዓይን ዓይኑን እያዩ፣

«አንተ ልጅ፣ አደራ። እርሾው እንዳያልቅ፣ ምድጃው እንዳይበርድ። ሌላ ምንም አታድርግ» አሉት።

«ሌላ ምንም?»

«ምንም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። አንተ ዝም ብለህ ቁጭ ካልክ ዳቦ ቤቱ ይሄዳል።»

ታሪክ ምንም ባለማድረጉ የታወሰ መሪ አያውቅም፤ ምንም ባያደርጉ ኖሮ ሕዝባቸው የሚመርቃቸው ግን እልፍ ናቸው። አልጋ ወራሽ ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ሳያስበው አጎቱን መኪና ላይ አሳፍሮ ተመለሰ። የዚያኑ ዕለት አልጋውን ትቶ ከአልጋው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ካርቶን አንጥፎ ተኛ። አልጋውን የዳቦ ቤቱ ድመት ወረሰችው።

በማግሥቱ ወገቡን ይዞ ተነሣና ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ሦስት ናቸው። አንዱ ምድጃው ፊት ዕድሜውን የፈጀ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ጋጋሪ ነው። ሁለተኛው አቡኪው ነው፤ ክንዱ እንደ ግንድ፣ ምላሱ ግን እንደ ምላጭ። ሦስተኛዋ ካሸሯ ናት። ስለ እሷ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ አልጋ ወራሽም ወደ ኋላ ነው የተመለሰባት።

ዱቄት የሞላ ጆንያ ላይ ወጣና እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ።

«የዚህ ታላቅ ተቋም ሠራተኞች ሆይ! ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ አንጋግርም!»

እዚህ ላይ ትንፋሹን ለመሰብሰብ፣ ደግሞም ለግርማ ሲል ዝም አለ። ሽማግሌው ጋጋሪ ይህን ያህሉን በደንብ ሰምቶ ሽርጡን ፈታ፤ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ወጥቶ ሄደ።

«ታሪክ እንጋግራለን!»

ሽማግሌው ጥጉ ላይ ሲታጠፍ አቡኪው በሩጫ ደርሶ ክንዱን ይዞ መለሰው። ሲመለስ እያለከለከ፣

«ጌታዬ፣ የሚጋገረው ታሪክ ስንት ግራም ነው? ሊጡን እንድቆርጥ ነው» ብሎ ጠየቀ። ካሸሯ አፏን በመሐረብ ያዘች።

ቀጥሎ ጥቂት የመናገር ዘመን መጣ። ታላላቆች ቃል አያባክኑምና አልጋ ወራሽ ባንኮኒው ላይ ክንዱን ደግፎ አሻግሮ ማየት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ተጎጂ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች።

«አራት ዳቦ ስጠኝ» አለች።

አልጋ ወራሽ አሻግሮ አየ።

«አራት ዳቦ ነው ያልኩት። አትሰማም እንዴ?»

አሁንም አሻግሮ አየ። ሴትዮዋ ወደምን እንደሚያይ ለማወቅ ዞር ብትል ከማዶ ያለው የጎማ ጠጋኝ ቤት ብቻ ታያት። ወደ ካሸሯ ዞራ፣ «ልጁን ምን ነካው?» አለች።

«እያሰበ ነው።»

«ለአራት ዳቦ?»

ሴትዮዋ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደችበትና ወጣች። አልጋ ወራሽ አልተከፋም። ታላቅ ሰው በዘመኑ አይታወቅም።

ይሁንና የማይታወቅበት ዘመን እንዲያጥር ፈለገ። አሰልጣኙ እንዳለው የቀድሞ ነገሥታት መልካቸውን በገንዘባቸው ላይ ያስቀርጹ ነበር። እሱ የሚያወጣው ገንዘብ የለውም፤ የሚያወጣው ዳቦ ነው። ስለዚህ አናጢ ዘንድ ሄዶ መልኩን በእንጨት ማኅተም እንዲቀርጽለት አዘዘ።

«በጎን ይሁን» አለው።

«ፊት ለፊት ቢሆን ምናለበት?» አለ አናጢው እርሳሱን ከጆሮው እያወረደ።

«ታላላቆች በጎን ነው የሚታዩት።»

«ፊት ለፊት ቢታዩስ?»

«ሰው ይለምዳቸዋል።»

አናጢው ጥሩ ባለሙያ ነበርና አፍንጫውን፣ አገጩን፣ ወደ ላይ የተበጠረውን ጠጉሩን አሳምሮ ቀረጸው። አቡኪው ማኅተሙን ተቀብሎ አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታዬ፣ ሊጥ እኮ እሳት ሲያገኝ ይነፋል።»

«ክብርም እንደዚያው ነው» አለ አልጋ ወራሽ።

እውነቱን ነበር። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ትሪ ከምድጃው ሲያወጣ ሠላሳ አልጋ ወራሾች ሠላሳ ዓይነት በሽታ ይዟቸው ወጡ። የአንዱ ጉንጭ ጥርሱን እንዳመመው ሰው አብጧል፤ የሌላው አገጭ ከአንገቱ ጋር ተዋህዷል፤ የአንዳንዱ አፍንጫ ከዳቦው ጠርዝ አልፎ ወጥቷል። አንዲት አሮጊት ዳቦውን ከፌስታሉ አውጥተው በመነጽራቸው ካዩ በኋላ ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው መብላት አልጀምርም» አሉ።

ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ዳቦው ባንኮኒው ላይ ደረቀ። ካሸሯ ምሽት ላይ ሒሳቡን ስትዘጋ ፊቷ ይጠቁር ጀመር። «ተው፣ ይሄ ማኅተም ይቅርብህ፤ ጋሼ ሲመጡ ምን ልንላቸው ነው?» ብላ ለመነችው። አልጋ ወራሽ አሻግሮ አየ።

በአራተኛው ቀን ያቺ ልብስ ሰፊ መጣች። የሰፈሩ ሌላው ዳቦ ቤት ዱቄት አልቆበት ተዘግቶ ነበር። ፊቷን አጥቁራ አራቱን ተቀብላ ወጣች። ደጃፉ ላይ ግን ቆም አለች፤ አንዱን አወጣች፤ ትክ ብላ አየችው። ያን ማሰብ፣ ያን አሻግሮ ማየት አስታወሰች መሰል አፍንጫውን ከሥሩ ነከሰችው።

«እፎይ!» አለች ጮክ ብላ።

በማግሥቱ ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። በሳምንቱ ሰልፉ ጎማ ጠጋኙ ቤት ደረሰ። በምሳ ሰዓት ከየቢሮው የሚመጡት ደግሞ ያልታሰበ ግኝት አገኙ፤ ምስሉ በጎን ሲታይ የአለቃቸው መልክ ነው። ከመብራት ኃይሉም ከትምህርት ቤቱም ከመጋዘኑም የመጣው ሁሉ «የእኛኑ አለቃ ቁጭ!» ይላል። አለቃ ሁሉ በጎን ሲታይ አንድ ነው፤ ፊት ለፊት ያየው ስለሌለ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም። ባሏን የተቀየመች፣ አከራዩ ያስመረረው፣ ሁሉም ከሰልፉ ገባ። «በጣም የተነፋውን ስጪኝ» እያሉ ያማርጣሉ።

አልጋ ወራሽ በመጋዘኗ መስኮት ሰልፉን እያየ ደረቱ ሰፋ።

«አየሽ? ሕዝቡ ወደደኝ» አላት ካሸሯን።

«ጨረሱህ እኮ» አለች።

አሁን ወደ ካሸሯ እንመለስ። ንጉሡ ሳይነቃ በፊት አልጋ ወራሽና ይቺ ልጅ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የበሩን ብረት አብረው ይዘጉ ነበር፤ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ እየተቀባበሉ ይጠጡ ነበር፤ እሱ የደንበኞቹን አረማመድ እያስመሰለ በሳቅ ያፈርሳት ነበር። አንድ ቀን ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እኔን የሚፈልግ ሰው እናቴ ፊት ራሱ ቀርቦ ይናገር፤ ሌላ ነገር አልጠይቅም» ብላው ነበር። ያን ቀን አልጋ ወራሽ ሳይተኛ አደረ፤ በአልጋውም ላይ እያለ።

አሁን ግን ታላቅ ነው፤ ታላቅ ሰው ደግሞ ለትልቅ ጉዳይ ልዑክ ነው የሚልከው። አቡኪውን ጠራው።

«እናቷ ዘንድ ሄደህ ስለ እኔ ትናገራለህ።»

«ሁሉንም?»

«ታላላቁን ብቻ።»

«እሱማ ቶሎ ያልቃል። የቀረውን ጊዜ ምን ላድርግ?»

«አጫውታቸው፤ አግባባቸው። ስጦታ ደግሞ ምስሌ ያለበትን ዳቦ ውሰድ።»

አቡኪው ሄደ። ሲመለስ ሴትዮዋ ዳቦውን በልተው «ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ዳቦ ያቦካው ማነው?» እንዳሉ፣ እሱም ላለመዋሸት ሲል እውነቱን እንደተናገረ አስረዳ።

«ስለ ምስሉስ?»

«‹ይሄ ያበጠው ሰውዬ ሐኪም አየው ወይ?› ብለው በጣም ተጨንቀዋል።»

ለሁለተኛ ጊዜ ተላከ፤ የላላ በራቸውን ገጥሞ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲላክ ለጣሪያቸው ቆርቆሮ ተሸክሞ ሄደ። አልጋ ወራሽ በየጊዜው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ድርድሩ እንዴት ነው?» ይለዋል።

«እየተቀራረብን ነው» ይላል አቡኪው።

በዚህ መሐል አልጋ ወራሽ አንድ የቀረው ነገር ትዝ አለው። ታላላቆቹ ልብሳቸውን ቀይረው ከሕዝብ መካከል ገብተው ስለ ራሳቸው ይሰሙ ነበር። ምስጋናውን በገዛ ጆሮው ለመስማት ጓጓ። የአጎቱን አሮጌ ካፖርት ለበሰ፤ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፋ፤ በጓሮ በር ወጥቶ ዞረና ሰልፉ ጭራ ላይ ቆመ። ከፊቱ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከኋላው አንድ ከረባት ያሰረ ሰው አለ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ስለምን ነው የሚሰለፈው?» አለ ድምፁን አጎርንኖ።

«አዲስ ነህ?» አለው ባለከረባቱ። «ከአፍንጫው ጀምር። ጉንጩ ባዶ ነው፤ አየር ነው።»

«ዳቦው ጣፋጭ ስለሆነ ነው?»

«ዳቦውም ደህና ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዋናው ግን መንከሱ ነው። እኔ በቀን አንድ ካልነከስኩት ራሴን ያመኛል።»

አልጋ ወራሽ ባርኔጣውን ይበልጥ ደፋ። «ሰውየው ምን አድርጓችሁ ነው?»

ሁለቱም ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ምንም አላደረገንም» አለች ሴትዮዋ አስባ አስባ። «እንዲሁ ሲያዩት ያስነክሳል።»

ሰልፉ ሄደ፤ እሱም አብሮ ተገፋ። ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ካሸሯ ቀና ብላ አየችው።

«ስንት?»

አንድ ጣቱን አወጣ። እሷም ጎንበስ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ባርኔጣውን ገልብጠህ ነው ያደረግኸው» አለችና አንድ ዳቦ አቀበለችው።

ሥራውም ሆነ ታላቅነቱ ቁርስ አስረስቶት ስለነበር እዚያው ቆሞ ነከሰው፤ ከጆሮው በኩል። ትኩስ ነበር፤ ይጣፍጥም ነበር። ያ ነው ያስለቀሰው።

«አንቺም ትነክሺኛለሽ?» አላት።

«እኔ? እኔ እንኳ ወደ ልብህ ትመለሳለህ ብዬ ብዙ ጠብቄህ ነበር» አለች። ዓይኗ ትንሽ ቆየበት። ከዚያ ከትከሻው በላይ አየችና ጮክ ብላ፣ «ቀጥሎ!» አለች።

ባለከረባቱ ገፋ አድርጎት አለፈ።

አልጋ ወራሽ ወደ ክፍሉ ሲገባ አቡኪው በር ላይ ቆሞ አገኘው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር እንኳ ሊጥ የለም።

«ጌታዬ፣ ድርድሩ ተጠናቀቀ። እናትየው እሺ ብለዋል፤ ልጅቷም እሺ ብላለች።»

አልጋ ወራሽ ካፖርቱን እንደለበሰ ተንደርድሮ አቀፈው። «መቼ ነው ታዲያ?»

«ከመከር በኋላ ብለናል። ግን...» አቡኪው ጎሮሮውን ጠረገ። «መልእክተኛ አይከሰስም ይባላል አይደል?»

«ይባላል።»

«ይኸው ነው እንግዲህ። ሙሽራው እኔ ነኝ።»

አልጋ ወራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አሻግሮ አላየም፤ ቅርቡን ነበር የሚያየው።

«እሷ ራሷ ምን አለች?»

«‹ራሱ የመጣ ሰው ይሻለኛል› አለች። እኔ ደግሞ፣ ጌታዬ፣ ልዑክም ብሆን ራሴ ነበርኩ የመጣሁት።»

ተረቱ «ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላል። አልጋ ወራሽ ይህን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቶ እንደሳቀበት አስታወሰ። ድመቷን ከአልጋው ላይ አባረረ፤ ወጣና ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ተከናነበ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አልነሣም አለ። ዳቦው ግን ያለ እሱ ይታተማል፣ ይነፋል፣ ይነከሳል።

አጎቱ ከሕክምና የተመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። የምርኩዛቸው ኳኳታ በኮሪደሩ ሲመጣ አልጋ ወራሽ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተነሥ አንተ!»

«አጎቴ፣ እኔ ወድቄያለሁ።»

«የወደቅኸውማ ፍራሽ ላይ ነው። ተነሥ!»

ተነሥቶ ተቀመጠ። ሁሉንም አንድ ባንድ ተናገረ፦ ጆንያውን፣ ማኅተሙን፣ ልዑኩን። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣

«ሕዝቡ የሚሰለፈው ሊነክሰኝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ አጎቱ። «ከመኪና እንደወረድኩ ሁለት በላሁ።»

አልጋ ወራሽ እጃቸውን ያዘ። «ማኅተሙን ልሰባብረው። ወደ ቀድሞ ሥራዬ ልመለስ፤ ትሪ ልሸከም፤ ሰው ሲያናግረኝ ልመልስ። ታላቅነት ይቅርብኝ፤ እንደ ሰው ልኑር።»

የአጎቱ ፊት አመድ መሰለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«እንዴት ተደርጎ! ልጄ፣ ሃያ ዓመት ዳቦ ስጋግር አንድ ሰው እንኳ ተሰልፎልኝ አያውቅም። ሁለተኛ ምድጃ አዝዣለሁ እኮ! አንተ ደግ ከሆንክ ማን ይነክስሃል?»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ታላቅ ሁን» አሉ እየለመኑት። «ያንኑ ንግግርህን፣ ያንኑ አገጭህን፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ደጃፉ ላይ።»

አልጋ ወራሽ እንቢ ለማለት ሞከረ። እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን ደጃፉ ላይ ሲያቆሙት ልቡ አልችል ብሎ እውነቱን ተናገረ። «ወገኖቼ፣ ስላስቀየምኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔም እንደ እናንተው ነኝ» አለ። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። ባለከረባቱ የአልጋ ወራሽን ጉንጭ በመዳፉ ዳበሰና፣ «ምስኪን፣ ለካ ሰው ኖሯል!» አለ። አንድ ባንድ ዳቦ ሳይገዙ ሄዱ፤ የሚያውቁትን ሰው መንከስ ማን ይችላል? ያን ዕለት የተረፈው ዳቦ ከጆንያ አልፎ ኮሪደሩን ዘጋ፤ አጎቱም ጉልበታቸው ተመልሶ ታመመ፤ ሽማግሌው ጋጋሪ ሥራው የቀረ መስሎት ሽርጡን ሰቀለ።

ስለዚህ በማግሥቱ አልጋ ወራሽ ካፖርቱን አጥልቆ ጠጉሩን ወደ ላይ አበጠረ። ሳጥን ላይ ወጣ። የሰው ፊት አንድ ባንድ ሲያይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም፤ ቢሆንም እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ሕዝቤ ሆይ! ያለ እኔ ምን ትሆኑ ነበር?»

ከሰልፉ መሐል ጥርስ ሲፋጭ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ስድስት አዘዘች። ባለከረባቱ ተራውን ሳይጠብቅ እጁን ወደ ባንኮኒው ዘረጋ። ካሸሯ ባዶ ትሪ ይዛ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች፤ ማንም ሳይሰማ፣

«ጎሽ፣ ዛሬ በጣም አስጠላህ» አለችው፤ ያለ ተንኮል፣ የሥራ ባልደረባ ባልደረባውን እንደሚያመሰግን።

አልጋ ወራሽም አገጩን ትንሽ ከፍ አደረገና ወደ ጎኑ ዞረላቸው።